ጌጡ ይማም ቤት የገዛ ጊዜ

ደሴ ውስጥ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለች አንዲት ሰፈር፣ ሰው ቤት ሊገዛ መሆኑን ሲናገር ሰሚው መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ከዚያ አንድ አባባል ጣል ያደርጋል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ግን ቤትና ሰማይ ምን እንዳገናኛቸው ግራ ይገባዋል። አባባሉ መነሻ አለው፤ መነሻውም ጌጡ ይማም ነው።

ጌጡ የዕድሜውን እኩሌታ በአይሱዙ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ከኮምቦልቻ ሚሌ፣ ከሚሌ ኮምቦልቻ እህልና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጠ። በገንዘቡ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ያላማከረው ሰው አልነበረም። ልቡ የቀረው ግን አንድ የመንገድ ጓደኛው ሚሌ ላይ ሻይ ሲጠጡ በነገረው ቃል ላይ ነው። "መኪና ቆሞም ይበላል፤ ቤት ግን አንተ ተኝተህ ያበላሃል" ነበር ያለው። ተኝቶ መብላት፤ ያ ቃል ለጌጡ ወገብ ወጌሻ ሆነለት።

ሚስቱ ሩቅያ ነገር የምታበርድ ሴት ብትሆን ኖሮ ወሬው ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። ሩቅያ ግን ከባሏ ትብስ ነበር። እሱ በሐሳቡ አንድ ክፍል ሲሠራ እሷ መጋረጃውን ሰቅላ ጨርሳለች፤ እሱ ፎቅ ሲጨምር እሷ ሰገነቱ ላይ ልብስ አስጥታለች። ለምሳ ሲቀመጡ ከገበታው መሐል አንድ ሙሉ ግቢ ይበቅላል። ጎረቤት የሳቃቸውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ በዚያ ቀን ስንተኛ ፎቅ እንደደረሱ ይገምት ነበር።

ቤቱን ያገኘላቸው ሸምሱ የሚባል ደላላ ነው። ሸምሱ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ከአፉ "አብሽር" የማይጠፋ ሰው ነው። ጥር ወር ላይ አንድ ረፋድ ሁለቱን አስከትሎ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ ወረደ፤ አንድ ሰማያዊ በርም ከፈተላቸው። ሦስት ክፍል ያለው ዋና ቤት፣ ከጎኑ ተሰልፈው የቆሙ አራት ሰርቪሶች፣ ደጁ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ። ግድግዳው ገና አዲስ ኖራ ጠጥቷል። የግቢው አፈር ደርቆና ተጠርጎ እንደ አውድማ ለስልሷል። ሰርቪሶቹ በሙሉ ተከራይ አላቸው። ጌጡ ገና ከበሩ ሳያልፍ ገዝቶታል ማለት ይቻላል፤ ሩቅያማ ገብታበታለች።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ግርማቸው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ቃላቸውን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። እሳቸው የሚኖሩት ከቁልቁለቱ በላይ፣ ልጃቸው ቤት ነበር። ጌጡ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው እንዳይመስል አንድ ሁለት ነገር መጠየቅ እንዳለበት ተሰማው። መብራት ገብቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ገብቷል አሉት። ቀጥሎም "ውሃስ ይገባል?" አለ።

ጋሽ ግርማቸው የበሩን ደፍ አዩ። መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። "ውሃማ ይገባል" አሉ በመጨረሻ። "በደንብ ይገባል።"

ሸምሱ በድንገት ሳል ያዘው። ጌጡ ቧንቧውን እያሰበ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ፤ ሩቅያም ውሃ ከገባማ ምን ቀረ ብላ የመጋረጃውን ቀለም መምረጥ ጀመረች።

በዚህ መሐል ከአጥሩ በላይ የአንዲት ባልቴት ራስ ብቅ አለ። እትዬ ጦይባ ናቸው፤ ቤታቸው ከዚህኛው አንድ እርከን ከፍ ብሎ የቆመ የአጥር ጎረቤት። ከላይ ወደ ታች ሲያዩዋቸው ቆይተው "ልጆቼ፣ ክረምቱን ጠየቃችሁት?" አሏቸው።

ጌጡ ክረምቱ የሚባል ሰው አያውቅም። ሌላ ገዢ መሰለው። ሸምሱን ወደ ዛፉ ሥር ጎትቶ ይህ ክረምቱ የሚሉት ማን እንደሆነ፣ ቤቱን አይቶት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀው። ሸምሱ ነገሩ ገብቶታል። ግን ደላላ ነውና ገልጦ አላስረዳውም። "እሱ ገና አልመጣም" አለው። "ከመጣ ግን ዋጋው መለወጡ አይቀርም።"

ከዚያ በኋላ ጌጡን ማን ይያዘው። ክረምቱ የተባለው ሰው መንገድ ላይ እየመጣ እንደሆነ ሁሉ ላብ ላብ አለው። በዚያው ሳምንት ምስክር ተጠርቶ፣ ውል ተጽፎ፣ ቀብድ ተከፈለ። ቀብዱ ትንሽ አልነበረም፤ ከአይሱዙው ጎማዎቹና ሞተሩ የሄዱ ያህል ነው። ገዢው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ካርታው በጌጡ ስም ሲዞር ነው ተባለ። ካርታው ግን በሟቹ በጋሽ ግርማቸው አባት ስም ነበር፤ አስቀድሞ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት። ሸምሱ አብሽር አለ፤ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ሁለቱ ሳምንት ሄዶ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠራ። በዚያ ዓመት በልጉም ቀርቶ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም፤ ፀሐዩ እንደጠራ ግንቦት ደረሰ። ጌጡ መታገሥ አቃተው። ጋሽ ግርማቸው ዘንድ ሄዶ ካርታው እስኪዞር በኪራይም ቢሆን ገብተን እንጠብቅ ሲል ለመናቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። ለምን እንደሚቸኩል ጠየቁት፤ መስከረም ላይ ቢገቡ እንደሚሻልም ሁለት ሦስት ጊዜ ነገሩት። ጌጡ ግን ይህን ሲሰማ ክረምቱ የተባለው ሰውዬ ከኋላ እየሠራ ነው ብሎ ጭራሽ ባሰበት። በማግሥቱ አልጋና ቁም ሳጥኑን በጋሪ አስጭኖ ወረደ።

የገባ ዕለት የሰርቪሶቹን ተከራዮች ሰብስቦ አዲሱ አከራያቸው እርሱ መሆኑን ነገራቸው። ሩቅያ ዳቦ ቆረሰች። ተከራዮቹ ዳቦውን በልተው፣ መርቀው፣ ከዚያ አንድ በአንድ ችግራቸውን ዘረዘሩለት። የአንዱ በር አይዘጋም፤ የአንዷ አምፖል ይጠፋል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር አይነሳ። ገና የቤቱ ባለቤት ያልሆነው ጌጡ መዶሻ ይዞ ሲሮጥ ዋለ። ወገቡ ታመመ፤ ፊቱ ግን በራ። ማታ ከሩቅያ ጋር ተቀምጠው የዓመቱን ኪራይ ሲያሰሉ ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር መሆኑ ትዝ አላቸውና የጳጉሜን ኪራይ ማስከፈል ነውር ይሆን አይሆን ተከራከሩ። ሩቅያ እሷ ብትሆን ጳጉሜን እንደምትምር ተናገረች፤ እንደ ባለጸጋም ተሰማት።

ሰኔ ሲያጋምስ አንደኛው ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። በትሕትና ነው የተሰናበተው። ከዚያ አምፖሏ የሚጠፋባት ነርስ ወጣች። ከዚያ የቀሩት ሁለቱም። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አላማረረም፤ ብቻ ሰርቪሶቹ ባዶ ሆኑ። ጌጡ ምን እንደበደለ ቢያስብ ቢያስብ ሊያገኘው ስላልቻለ ወደ አጥሩ ሄዶ እትዬ ጦይባን ተከራዮቹ ምን ነክቷቸው እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ምንም" አሉት። "ሰኔ ላይ ይወጣሉ፣ መስከረም ላይ ይመለሳሉ። እንደ ወፍ ናቸው። ክረምቱን ጠይቀው አላልኩህም?"

ጌጡ ቀስ ብሎ ቀና አለና ሰማዩን አየ። ከጦሳ ተራራ ወዲህ አንድ የጠቆረ ደመና እንደ ባለ ጉዳይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያኔ ክረምቱ ማን እንደሆነ ገባው።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ውሃው ከላይ ከመንገዱ ተነስቶ ቁልቁለቱን ተንደርድሮ መጣ፤ በግቢው በር ሥር ሾልኮ፣ የኮኩን ዛፍ ዞሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ገባ። በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ሲወጣም ባዶ እጁን አልነበረም፤ መጥረጊያውን፣ የሩቅያን ነጠላ ጫማና አንድ የላስቲክ ሳፋ ይዞ ነው የወጣው። ባልና ሚስት አልጋው ላይ ዘልለው ወጡና ተቃቅፈው ቆሙ።

ጌጡ ውሃው የት እንደደረሰ በዓይኑ ይለካ ነበር። ሩቅያ ግን የራሷ ጫማ በቤቷ መሐል እንደ ዳክዬ እየዋኘ ሲያልፍ ስታይ ሳቅ ፈነቀላት። አፏን በእጇ ያዘች፤ አልሆነላትም። "ጌጡ" አለች እንባዋ እየወረደ፣ "ሰውዬው እኮ አልዋሹንም። ውሃ ይገባል ብለውናል።"

ጌጡ ሊቆጣ አስቦ ነበር። ሳቋ ግን ተጋባበት። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ የአልጋው አንድ እግር ተንሸራተተ፤ እንደገና ሳቁ።

ዝናቡ ሲያባራ ግን ሳቁም አባራ። ጌጡ በእርጥቡ ወለል መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጦ መኪናውን አሰበ። የሚሌን ሐሩር፣ በጎማ ሥር ያደረባቸውን ሌሊቶች፣ የተበላሸ ወገቡን። ያ ሁሉ ዘመን በአንድ ፊርማ የቀብድ ወረቀት ሆኗል። ቢተወው ቀብዱ ይቀልጣል፤ ቢገዛው ሐይቅ ገዛ ይባላል። እንሂድ፣ የወሰዱትን ይውሰዱ፣ ብቻ ከዚህ እንውጣ አላት።

ሩቅያ ጨርቅ ጨምቃ ቀና አለች። "መሄዱ የት ይሄዳል" አለችው። "ገብተናል እኮ። ከገባን አይቀር በደንብ እንየው። ይህን ያህል ጊዜ ስለዚህ ቤት ስናወራ አንድ ቀን እንኳ አይተነው አናውቅም።"

ይህች ቃል ጌጡን ነቀነቀችው። በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላውን ይዞ ወጣና ውሃውን ወደ ኋላ ተከተለው። እየዳኸ እስከ መንገዱ ወጣ። እዚያ አንድ የድሮ ቦይ አገኘ፤ አንዱ ከብዙ ዓመት በፊት ቤት ሲሠራ የተረፈውን ፍርስራሽ ጥሎበት ኖሮ ደፍኖታል። መሄጃ ያጣው ውሃ ነው እነሱ ዘንድ የሚያድረው። ቁልቁለትና ጭቃ ለሹፌር አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህኛው በድንጋይና በአካፋ የሚገራ ውሃ እንደሆነ አየ። ተመልሶ መሠረቱን ዞረው፤ አልተሰነጠቀም። ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈስ ነበር፤ የሚያፈስበት ሥር ድስት እያስቀመጡ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚቀየር ለዩ። ግንበኛ አምጥተው ለቦዩና ለድጋፍ ግንቡ ምን ያህል እንደሚበቃ አስገመቱ። ኪራዩንም እንደገና አሰቡት፤ በዚህ ጊዜ ጳጉሜ ቀርቶ ክረምቱም በሙሉ ባዶ እንደሚሆን፣ በየዓመቱም አንድ የሚሰበር ነገር እንደማይጠፋ አድርገው። የወጣው ሒሳብ ፎቅ የሚያሠራ አልነበረም። ግን የሚያኖር ነበር። ሩቅያ ፎቁን ስታፈርሰው ትንሽ ከፋት፤ ሰገነቱ ላይ የሰቀለችውን ልብስ ሁሉ አውርዳ አጠፈችው እያለች ራሷ ቀለደችበት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጋሽ ግርማቸው ሸምሱን አስከትለው መጡ። የወራሽነቱ ማስረጃ ወጥቶ፣ ካርታውም በእሳቸው ስም ዞሮ ኖሮ ቀሪውን ክፍያ ለመነጋገር ነው። ከበሩ ሳይርቁ ዝናቡ ወረደ። ጌጡ በአክብሮት አልጋው ላይ እንዲወጡ ጋበዛቸው፤ ሽማግሌው ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወጡ። እትዬ ጦይባም የሚሆነውን ለማየት በጓሮ በኩል መጥተው ነበርና ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሸምሱ ብቻ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አውልቆ ደፍ ላይ አኑሮ፣ ዝናቡ ሊያባራ ነው፣ አብሽሩ እያለ ቆመ። ወዲያው ውሃው ገባ። ጫማዎቹ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ወደ ጓሮ ሲጓዙ እትዬ ጦይባ በምርኩዛቸው አንዱን ያዙለት፤ ሌላው አመለጠ። ሩቅያ አልጋው ላይ ሆና ለሁሉም ከፔርሙስ ሻይ ቀዳች።

ጌጡ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ተናገረ።

"ጋሽ ግርማቸው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ። ግን በጥር ያሳዩኝን ቤት ዛሬ አጣሁት። እኔ የምገዛው አሁን የተቀመጥንበትን ነው። የዚህኛውን ዋጋ ይንገሩኝ።"

ሸምሱ በአንድ እግሩ ቆሞ ውል ውል ነው፣ ቀብድም ቀብድ ነው ብሎ ሊጀምር ሲል ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ከእግራቸው ሥር የሚያልፈውን ውሃ ብዙ አዩት። እውነት ነበር፤ ቀብዱን ይዘው ቢሄዱ ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው። ለሚቀጥለው ጥርም ሌላ ጌጡ አይጠፋም።

"አባቴም በበጋ ነው የገዙት" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ተታለልኩ ማለት አፍረው እስኪሞቱ አልተናገሩም። እኔም አፍሬ ነው ኖራ የምቀባው። አሁንስ ደከመኝ።"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጌጡ የግንበኛውን ግምት፣ የቆርቆሮውንና የባዶ ወራቱን ነገር አስረዳቸው፤ እሳቸውም አንድ ሁለት ቦታ ተከራክረው፣ ግንቡ ያን ያህል መርዘም የለበትም ብለው፣ እትዬ ጦይባ ደግሞ መርዘም አለበት ብለው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ዋጋው ወርዶ ተጨባበጡ። ሸምሱ ዋጋው በወረደ ቁጥር ድርሻው አብሮ ሲወርድ ያሰላ ነበር፤ ግን ዋጋው ይለወጣል ብሎ አስቀድሞ የተናገረው እሱ ራሱ ነውና የተረፈች ጫማውን ታቅፎ ቆመ። ሩቅያ የጌጡን አሮጌ ጫማ አውሳው ሸኘችው። ጋሽ ግርማቸው ሲወጡ አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር፤ ከበሩ ላይ ዞረው በዚህ ቤት ውስጥ በሐምሌና በነሐሴ ሲስቁ የሰሙት ሰው የመጀመሪያዎቹ እነሱ እንደሆኑ ነገሯቸው።

ካርታው በጌጡ ስም የዞረው ዝናቡ ሳያቆም ነው። መስከረም ሲጠባ ነርሷ ፍራሿን ይዛ ተመለሰች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በበጋው ጌጡ ፍርስራሹን አስነስቶ ቦዩን አስከፈተ፣ ግንቡንም አቆመ፤ እትዬ ጦይባ እንዳሉት ረጅሙን። የሚቀጥለው ሐምሌ ውሃው እንደ ልማዱ ተንደርድሮ መጣና በግቢው ጎን አልፎ ወደ ወንዙ ሄደ። ተከራዮቹ በረንዳ ላይ ተሰልፈው ሲያልፍ አዩት። በዚያ ክረምት ፍራሹን የተሸከመ ሰው አልነበረም። ጌጡ እንዳሰበው ተኝቶ አልበላም፤ መዶሻው ከእጁ አይለይም። ወገቡ ግን ከመኪናው ዘመን ይልቅ ደህና ነበር፤ የምሳ ሰዓቱ ሳቅም እንደቀጠለ ነው፤ ሩቅያ አንዲት ትንሽ ሰገነት መልሳ ጀምራለች።

ሰፈሩ ግን አልማረውም። ጎርፍ ላይ ቆሞ ቤት የገዛ፣ ከውሃው ጋር የተዋዋለ እያሉ የዕድር ሰዎች ይቀልዱበት ነበር። አንድ ቀን፣ ጥር ላይ፣ የዕድር ስብሰባ ሲበተን አንድ አዲስ ሙሽራ ወጣት ከመንገዱ ማዶ የሚሸጥ ቤት ሊገዛ እንደሆነ፣ ሸምሱ እንዳሳየው፣ ግድግዳው እንዴት ነጭ እንደሆነ፣ ነገ ቀብድ እንደሚከፍል እየፈነደቀ ተናገረ። ከዚያ ወደ ጌጡ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ ፀሐይ ጠብቆ ቤት ሲገዛ አንተ ምን ሆነህ ነው በዝናብ የገዛኸው አለው። ሁሉም ሳቀ። እትዬ ጦይባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ቀና ብለው ደመና የሌለበትን ሰማይ አዩና፣ "ልጄ፣ ቤት በበጋ ይታያል፣ በክረምት ይገዛል" አሉ።